ከሞዴል 19 እስከ ፓስወርድ

ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የገንዘቡ ነገር ለበጅሮንድ ሙሉጌታ ይገዙ ተሰጠ። በጅሮንዱ ከጥንትም የቤተ መንግሥት ንብረትና ገንዘብ ጠባቂ ነበር። ከደቡብ ምዕራቡ ጥግ፣ ከከፋና ከጊሚራ ምድር፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱና ቡናው ወደ መሃል አገር ሲጓዝ ተቀባዩም፣ ጠባቂውም፣ ወጪ አድራጊውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሹምና የእሱ ሰዎች ነበሩ። ጉድለት ቢገኝ የሚጠየቀው ሰውየው ነው፤ አሠራሩን የሚጠይቅ አልነበረም። ዋስ ይጠራል፣ ንብረት ይያዛል፣ ነገሩም በዚያ ያልቃል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ይህ አልበቃም። በ1936 ዓ.ም. የሂሳብ ምርመራ ኮሚሽን በአዋጅ ተቋቋመ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለዋና ኦዲተር ስፍራ ሰጠ፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 179 መሥሪያ ቤቱን አቆመው። በየአውራጃው የነበረ ሠራተኛ ግን በቅርብ የሚያውቀው አዋጁን ሳይሆን ጥራዞቹን ነበር፤ ሞዴል የሚባሉትን ቅጾች።

መንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ቁጥራቸውን በቃሉ ይወጣዋል። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል። ዕቃ የፈለገ ሠራተኛ ሞዴል 20 ሞልቶ ኃላፊውን ያስፈርማል። ዕቃው ሲወጣ ሞዴል 22 ይቆረጣል። ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ሞዴል 64። ሚዛን አማን ላለው ሆስፒታል አንድ ካርቶን ጓንት ተገዛ እንበል። የገዛው ሠራተኛ ወደ መጋዘን አያስገባውም፤ ለንብረት ክፍል ያስረክባል። ንብረት ክፍል ቆጥሮ ሞዴል 19 ይቆርጣል እንጂ ክፍያ አያዝዝም። ሂሳብ ክፍል ሞዴል 19ኙን ካላየ የክፍያ ማዘዣ አያዘጋጅም። ገንዘብ ያዡ ማዘዣው ላይ የኃላፊው ፊርማ ከሌለ ሳጥኑን አይከፍትም። ለአንድ ካርቶን ጓንት አራት እጅ! ባለጉዳይን የሚያሰለች መመላለስ ይመስላል፤ በእርግጥም ያሰለቻል። ነገር ግን ጓንቱን ሳያመጣ ገንዘቡን መውሰድ የፈለገ ሰው ሦስት ሌሎች ሰዎችን ማሳመን አለበት። አሠራሩ የታነጸው ለዚህ ነው።

ጥራዙ ራሱ በቁጥር የታተመ ነው። ማን ከየትኛው ቁጥር እስከ የትኛው ቁጥር እንደ ተረከበ ይመዘገባል፤ የተበላሸ ቅጠል ቢኖር ከነኮፒው ተሰርዞ እዚያው ይቀመጣል እንጂ አይቀደድም። አዋቂ ኦዲተር ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሲገባ በመጀመሪያ ቀን ጥራዞቹን ሰብስቦ ቁጥራቸውን ያያይዛል፤ ገንዘቡን የሚቆጥረው ከዚያ በኋላ ነው። የጎደለ ቅጠል ከጎደለ ብር የበለጠ ያሳስበዋል። ብሩ ምን እንደ ጠፋ ብቻ ይናገራል፤ ቅጠሉ ገና ምን ሊጠፋ እንደሚችል ይናገራል።

ከሁሉ የሚልቀው ደግሞ ርክክብ ነው። የግምጃ ቤት ሠራተኛ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ኮሚቴ ይቆማል፤ ዕቃው ይቆጠራል፤ ለቃቂው ያስረክባል፣ ተተኪው ይረከባል፣ ታዛቢው ይፈርማል። ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሁሉም ያየዋል። ርክክብ ያልፈጸመ ሠራተኛ ክሊራንስ አያገኝም፤ ያለ ክሊራንስ መልቀቂያ የለም። የኢትዮጵያ ቢሮክራሲ ብዙ የሚወቀስበት ነገር አለው፤ በርክክብ ግን ልንኮራበት ይገባ ነበር እላለሁ። በኋላ የመጣው ኮምፒውተር ይዞት ያልመጣው ነገር እሱ ነውና።

በኮምፒውተሩ ዓለም ማን ምን ይንካ የሚለው ችግር የጀመረው ገና ከማለዳው ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው ኤምአይቲ ፈርናንዶ ኮርባቶ የመሩት ቡድን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠቀምበት የኮምፒውተር ሥርዓት ሠራ። የአንዱ ፋይል ከሌላው እንዲለይ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ይለፍ ቃል ተሰጠው። በ1962 አለን ሸር የተባለ ተመራማሪ የተመደበለት የማሽን ሰዓት አልበቃው ሲል የሁሉንም ይለፍ ቃል የያዘውን ፋይል አሳትሞ ወሰደና በሌሎች ስም መሥራት ጀመረ። ከዓመታት በኋላ ራሱ ነው የተናገረው። የቁልፍ ሳጥኑን የሰበረ የለም። ማሽኑ «አትም» ሲባል ማን እንደ ጠየቀው ሳያይ አተመለት እንጂ።

ለረጅም ጊዜ የዘርፉ ሊቃውንት ያሰቡት ስለ ወታደራዊ ምስጢር ነበር፤ ማን ያንብብ፣ ማን አያንብብ። እ.ኤ.አ. በ1987 ዴቪድ ክላርክና ዴቪድ ዊልሰን ነጋዴ የሚፈራው ከዚህ ይለያል ብለው ጻፉ። ነጋዴን የሚያስጨንቀው መዝገቡን ማን እንዳነበበው ሳይሆን ማን እንደለወጠው ነው። መፍትሔውንም ከሂሳብ ሠራተኞች አሠራር ወሰዱት፤ አንድ ሥራ በሁለት ሰው እጅ ይለፍ አሉ። የእኛ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ወረቀቱን ቢያነበው ኖሮ «ይህማ ሞዴል 19 ነው» ባለ ነበር። በ1992 ደግሞ ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን ለእያንዳንዱ ሰው ፈቃድ ከመስጠት ይልቅ ለሥራ መደቡ ስጡት፤ ሰውየው ወደ መደቡ ሲገባ ፈቃዱን ያገኛል፣ ሲወጣ ያጣዋል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ዛሬ ትልልቅ የድርጅት ሶፍትዌሮች በሙሉ ማለት ይቻላል በዚህ ይሠራሉ።

ሐሳቡ ገና በወረቀት ላይ እያለ ያለመተግበሩ ዋጋ በለንደን ተከፈለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1995 ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረው ቤሪንግስ ባንክ ወደቀ። ሲንጋፖር ላይ ኒክ ሊሰን የተባለ ሠራተኛ ግብይቱን ራሱ እየፈጸመ የግብይቱን ሂሳብም ራሱ ያወራርድ ነበር። ኪሳራውን 88888 በተባለ የሂሳብ ቁጥር ውስጥ ደበቀው፤ 827 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። ባንኩም በ1 ፓውንድ ተሸጠ። ሁለት ወንበር፣ አንድ ሰው። ከኤንሮን ኩባንያ ውድቀት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የአሜሪካው ሳርበንስ ኦክስሊ ሕግ የኩባንያ መሪዎች ስለ ውስጥ ቁጥጥራቸው በፊርማቸው እንዲያረጋግጡ ሲያስገድድ፣ «በሲስተሙ ውስጥ ማን ምን መሥራት ይችላል?» የሚለው ጥያቄ የኦዲተሮች የዘወትር ጥያቄ ሆነ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1989 ዓ.ም. በአሜሪካ እርዳታና በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የፋይናንስ ማሻሻያው ሥራ ተጀመረ። የመንግሥት ሂሳብ ከነጠላ ምዝገባ ወደ ጥንድ ምዝገባ ተሸጋገረ፤ በጀትና ወጪን የሚመዘግብ አይቤክስ የተባለ ሶፍትዌርም ተሠራ። በዚሁ መሃል ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአራቱ ትልልቅ ክልሎች ሥልጣንና በጀት ወደ ወረዳ ወረደ። የያኔው ቤንች ማጂ ዞንና ሸካ ዞን በደቡብ ክልል ሥር ስለነበሩ ለውጡ በቶሎ ነካቸው።

ወረዳው በጀት አገኘ እንጂ በቂ ሂሳብ ሠራተኛ አላገኘም። የደቡብ ክልል መፍትሔ «ፑል» የተባለው ነው፤ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ፣ ጤናው፣ ግብርናው እያንዳንዱ የራሱን ሂሳብ ክፍል ከሚያቋቁም የሁሉም ሂሳብ በወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ይሠራ ተባለ። ብልህ መፍትሔ ነበር። ያለው ጥቂት ባለሙያ ለብዙ ቢሮ ይደርሳል። በዚያው ልክ ግን ድሮ በየመሥሪያ ቤቱ ተበትኖ የነበረው እጅ አንድ ክፍል ውስጥ፣ ጎን ለጎን ባሉ ጠረጴዛዎች ተሰበሰበ። የኔትወርክ መስመር ባልደረሰበት ወረዳ ደግሞ አይቤክስ ለብቻው በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። አንድ ኮምፒውተር፣ ሦስት ሠራተኛ፣ የሚቆራረጥ መብራት። መብራት በመጣባት ሰዓት የመጣውን ማስገባት ነው። የእያንዳንዱን ስምና ይለፍ ቃል እየቀያየሩ መግባት ለማን ይመቻል? በጠዋት የከፈተው ሰው ስም እስከ ማታ ይሠራበታል።

በዚህ ላይ የመሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ፣ በተለምዶ ቢፒአር የምንለው፣ በ2000 ዓ.ም. መባቻ በየመሥሪያ ቤቱ ገባ። ዓላማው ባለጉዳይን ከመመላለስ ማዳን ነበር። በብዙ እጅ ያልፍ የነበረውን ሥራ በኬዝ ቲም አሰባስቦ ጥቂት ሰው ይጨርሰው አለ። ለመታወቂያና ለንግድ ፈቃድ እሰየው ነው። ለገንዘብና ለንብረት ግን እንዲህ ብሎ መነሳት አደጋ አለው። «አላስፈላጊ ደረጃ» ተብሎ ከተሰረዘው ፊርማ ውስጥ የተወሰነው ባለጉዳይን ለማጉላላት ሳይሆን ሌባን ለማጉላላት የተቀመጠ ነበር። ሁለቱን የለየ ጥናት በየመሥሪያ ቤቱ አልተሠራም ብዬ አምናለሁ።

በዚያው ጊዜ በቡናው መንገድ ላይ ከዚህ በተቃራኒ የሆነ ነገር ተፈጸመ። እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ የሚዛንና የቴፒ ቡና በጭነት መኪና አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ በጨረታ ይሸጥ ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 550 የኢትዮጵያ ምርት ገበያን አቋቋመ፤ የሚቀጥለው ቁጥር 551 ደግሞ የምርት ገበያውን ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን። ገበያውና ተቆጣጣሪው መንታ ሆነው መወለዳቸው በራሱ ጥሩ ምልክት ነበር። ምርት ገበያው በዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን መሪነት በሚያዝያ 2000 ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የቡና አዋጅ ቁጥር 602 ቡናን ወደ እሱ መራው፤ ግብይቱም በ2001 ዓ.ም. ተከፈተ። የቤንች ማጂ፣ የበበቃና የየኪ ቡና መውረጃው ቦንጋ መጋዘን ሆነ።

ቦንጋ ላይ የሚሆነውን ደረጃ በደረጃ ማየት ይጠቅማል፤ እኔ የማውቀው ጥሩ የሥልጣን ክፍፍል ይህ ነውና። አቅራቢው ቡናውን ጭኖ ይደርሳል። ናሙና ቀሳሹ ከጭነቱ ናሙና ይወስዳል። ናሙናው ወደ ላቦራቶሪ ከመግባቱ በፊት የባለቤቱ ስም ይቀርና የምስጢር ቁጥር ይሰጠዋል። ደረጃ መዳቢው ፍሬውን ያያል፣ ቀማሹ ከስኒው ይቀምሳል፤ ከመቶው 40 በጥሬው፣ 60 በስኒው ይሰጣል። የማን ቡና እንደሆነ አያውቁም። የባለቤቱን ስም የሚያውቀው ሰው ደግሞ አይቀምስም። ውጤቱ ከወጣ በኋላ ነው ቁጥሩ ከስሙ ጋር የሚገናኘው። ከዚያ ቡናው በሲስተም ውስጥ የኤሌክትሮኒክ መጋዘን ደረሰኝ ይሆናል፤ አዲስ አበባ የሚሸጠው ያ ደረሰኝ ነው። መጋዘን ውስጥ የሚሠራው ሰው መሸጥ አይችልም፤ የሚሸጠው ሰው መጋዘን አይገባም።

ምርት ገበያው ያልተወቀሰበት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ልዩ ቡና ፈላጊ ገዢዎች «የገበሬው ማንነት በመጋዘኑ ተቀላቅሎ ጠፋብን» ብለው ለዓመታት ጮኸዋል፤ እውነታቸውን ነው። በኋላም በ2009 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1051 ከአርሶ አደር እስከ ላኪ የሚያገናኝ ሌላ መንገድ ከፈተ። ያም ሆኖ በላቦራቶሪው በር ላይ ስምን ከናሙና የለየው ሰው ምን እንደሚሠራ ያውቅ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ምርት ገበያው ከጩኸትና ከእጅ ምት ግብይት ወደ ኤሌክትሮኒክ ግብይት ተሻገረ። በድሮው የግብይት መድረክ ላይ አንድ ሻጭ በሌላ ሰው ስም ልሽጥ ቢል ሁሉም ፊቱን ያውቀው ነበር። ኮምፒውተሩ ፊት አያይም። የሚያውቀው የመግቢያ ስምና ይለፍ ቃል ነው። ተገበያይ ወኪል ሲለቅ፣ ድርጅቱ ሲታገድ፣ ፈቃዱ ሲያበቃ፣ ስሙ ከሲስተሙ የሚወጣው በደቂቃ ነው በወር? የግብይቱ ጤና በዚህ ላይ ተንጠለጠለ።

ሆስፒታሎችም የራሳቸውን መንገድ ያገኙት በእነዚሁ ዓመታት ነው። በአማራ ክልል በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የተጀመረው፣ ባለሙያዎች ኤፒቲኤስ የሚሉት፣ ለኦዲት የሚመች የመድኃኒት አሠራር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሌሎች ክልሎች ተሻገረ። የመድኃኒት ማዘዣውን አይቶ ዋጋ የሚያወጣው አንድ ሰው፣ ብሩን የሚቀበለው ሌላ፣ መድኃኒቱን አስረድቶ የሚሰጠው ሦስተኛ። ከዚያ በፊት በብዙ ፋርማሲ መስኮት ላይ ሦስቱም አንድ ሰው ነበር። ኮምፒውተር ሳይጠብቁ በወረቀት መጀመራቸውን ልብ ይሏል።

የገንዘብ ሚኒስቴር ኢፍሚስ የሚባለውን የተቀናጀ የፋይናንስ ሥርዓት በኦራክል ሶፍትዌር ላይ ሲጀምር 2003 ዓ.ም. ነበር። የፌዴራል ተቋማት በየተራ ገቡበት። እዚህ ላይ የተጠቃሚ ሚና የሚባለው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በመንግሥት ሂሳብ ውስጥ በሙሉ መልኩ መጣ። ለአቅራቢ መዝጋቢ አንድ ሚና፣ ለክፍያ አዘጋጅ ሌላ፣ ለአጽዳቂ ሌላ፣ ለበጀት ሌላ። አንድ ሰው ግን ሁለትና ሦስት ሚና መያዝ ይችላል፤ ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው። ሠራተኛ ሲያድግ አዲሱ ሚና ይጨመርለታል፤ የድሮው እንዲነሳ የሚጠይቅ የለም። ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ትጉህና ታማኝ ሠራተኛ ሳያስበው የአራቱን እጅ ሥልጣን ለብቻው ይዞ ይገኛል። ከፈለገ አቅራቢ ፈጥሮ፣ ሂሳብ አዘጋጅቶ፣ አጽድቆ መክፈል ይችላል። አላደረገውም ይሆናል። የሚናዎች ኦዲት የሚጠይቀው ግን «አደረገው?» ብሎ ሳይሆን «ይችላል?» ብሎ ነው፤ ከድሮው የሂሳብ ምርመራ የሚለየው በዚህ ነው። የጥራዙን የጎደለ ቅጠል ከሚፈልገው ኦዲተር ጋር ግን ዘመዳሞች ናቸው።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ኦዲተሩ ከሲስተሙ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር ያወጣል። ከሰው ኃይል አስተዳደር የሠራተኞችን ስም ዝርዝር ይቀበላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ሲስተሙ ላይ ያለ፣ ደመወዝ መክፈያው ላይ የሌለ ስም ካለ እሱ ሰው የት ሄደ? ተዛውሯል፣ ለቋል፣ ጡረታ ወጥቷል፣ ሞቷል። የሞተ ሰው ባለፈው ወር ከገባ ጉዳዩ ወደ ሌላ ቢሮ ይሄዳል። ቀጥሎ የሰው ስም የሌላቸውን ይፈልጋል፤ «ፋይናንስ1»፣ «ቴስት»፣ «አድሚን» የሚሉትን። በእነዚህ የተሠራ ሥራ ባለቤት የለውም፤ ጥፋት ቢገኝ ሁሉም «እኔ አይደለሁም» ይላል፣ ማንም ደግሞ ማስተባበል አይችልም። ከዚያ አብረው መያዝ የሌለባቸውን ሚናዎች ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይጽፋል፤ አቅራቢ መመዝገብና መክፈል፣ ዕቃ ማዘዝና መረከብ፣ ሠራተኛ መቅጠርና ደመወዝ ማዘጋጀት፣ ሂሳብ መመዝገብና ማጽደቅ። ሁለቱንም የያዘ ሰው ካለ ስሙ ላይ ያሰምራል። ሚናዎቹን መለየት የማይቻልበት ትንሽ መሥሪያ ቤት ከሆነ ቢያንስ ሌላ ሰው በየወሩ መዝገቡን አይቶ ይፈርም ይላል።

መጨረሻ ላይ የቀረው አድሚኑ ነው። እሱ ለሌላው ሚና ይሰጣል፤ ለራሱስ ማን ይሰጠዋል? ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ይህ ሰው የሂሳብ ሠራተኛም ሆኖ ሲገኝ፣ ወይም የሚሠራውን የሚመዘግበው ሎግ በራሱ እጅ የሚሰረዝ ሲሆን ነው።

ሕጉም ዘግይቶ ደረሰ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ የገባውን ብቻ ሳይሆን ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ የገባውንም እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም በገንዘብ ይቀጣል። «አልፎ» ለማለት ግን ድንበሩ አስቀድሞ መሠመር አለበት። ሁሉም ሁሉን እንዲነካ በተፈቀደበት መሥሪያ ቤት ውስጥ ዐቃቤ ሕግ ማንንም «አለፍክ» ሊል አይችልም።

ከዚያ ካርታው ተለወጠ። ቤንች ማጂ ለሁለት ተከፍሎ ቤንች ሸኮና ምዕራብ ኦሞ ሆነ። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት ኅዳር 14 ቀን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ተርጫ የክልሉ ከተሞች ሆነው ሥራ ተከፋፈሉ። ሐዋሳ የነበረ ፋይል በካርቶን ተጭኖ ወደ ምዕራብ መጣ። ሐዋሳ የነበረ ወንበርና ጠረጴዛ በርክክብ መጣ። ሐዋሳ ላይ የተፈጠረ የመግቢያ ስምስ? ሠራተኛው ቦንጋ ወይም አማን አዲስ ስም ሲከፈትለት የድሮው ተዘግቶለታል? በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የደቡብ ክልል ራሱ ፈርሶ ሌሎች ክልሎች ሆነ። የፈረሰ መሥሪያ ቤት ሚና ያልፈረሰ ሲስተም ውስጥ እንዳይቀር ክልል ሲመሠረት ከባንዲራው ቀጥሎ መታየት የነበረበት የተጠቃሚዎች ዝርዝር ይመስለኛል። የወንበር ርክክብ ሰነድ በኮሚቴ እየተፈረመ የይለፍ ቃል ርክክብ የሚባል ቅጽ እንኳ አለመኖሩ ያሳዝናል።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኛው ሂሳቡ ላይ ካለው ገንዘብ በላይ እንዲያወጣና እንዲያስተላልፍ ፈቀደ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ፈጥኖ ተዛመተ፤ ተማሪዎች በኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቶ አቤ ሳኖ የሳይበር ጥቃት አይደለም አሉ፤ ብሔራዊ ባንክም ችግሩ በጥገናና በፍተሻ ሥራ ላይ እያለ የተፈጠረ ነው አለ። የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ተመለሰ። ያልመለሱት ስምና ፎቶ በአደባባይ ተለጠፈ። ሕዝቡ የተወያየው ስለ ተማሪዎቹ ሥነ ምግባር ነው። እኔን ግን የሚስበኝ ሌላ ነው፤ በዚያ ሌሊት በር የሰበረ ሰው የለም። ሁሉም በራሱ ስም፣ በራሱ የምስጢር ቁጥር ገባ። «ይህን ያህል ማውጣት ትችላለህ?» ብሎ መጠየቅ የነበረበት ሲስተሙ ነበር፤ አልጠየቀም። መግባትና መፍቀድ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን አገሩ ሁሉ በአንድ ሌሊት አየ።

አሁን ተራው የቡና ማሳው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ፣ ተግባራዊነቱ በተደጋጋሚ ቢራዘምም፣ ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና የበቀለበትን መሬት የካርታ መጋጠሚያ ነጥብ ይጠይቃል፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2020 ወዲህ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ቡና አይገባም። በከፋ፣ በሸካና በቤንች ሸኮ፣ ቡና ከደን ጋር ተቃቅፎ በሚያድግበት አገር፣ ማሳዎች እየተለኩ ወደ መረጃ ቋት መግባታቸው የግድ ሆኗል። የአንድ አርሶ አደር የዓመት ገቢ በስልክ ላይ በተመዘገቡ ጥቂት አኃዞች ላይ ይንጠለጠላል ማለት ነው። አኃዙን የለካው ሰው ማረምም ይችላል? ያረመውን ማን ያጸድቃል? ገበሬው ማሳው በስሙ እንደተመዘገበ ማየት ይችላል? ነጋዴ የሌላውን ነጋዴ አቅራቢዎች ዝርዝር ማየት ይችላል? ቦንጋ ላይ ስምን ከናሙና የለየው አሠራር እዚህም ያስፈልጋል፤ ሲስተሙ ሞልቶ ከተጨናነቀ በኋላ ሚና መለየት ግን ቤት ከተሠራ በኋላ መሠረት እንደ መቆፈር ነው።

ስለዚህ ለዞንና ለወረዳ ፋይናንስ ኃላፊዎች፣ ለማኅበራትና ለዩኒየን ሥራ አስኪያጆች፣ ለሆስፒታልና ለዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪዎች አንድ ልመና አለኝ። በየዓመቱ ሰኔ 30 ንብረት ቆጠራ ታደርጋላችሁ፤ ወንበሩ፣ ጎማው፣ ያልተቆረጠው ሞዴል 64 ሳይቀር ይቆጠራል። በመጪው ሰኔ የሲስተማችሁን የተጠቃሚዎች ዝርዝርም አሳትማችሁ አብራችሁ ቁጠሩት። የሌለ ሰው ስም ካለ ይሰረዝ፤ ሁለት ወንበር የያዘ ካለ አንዱን ያስረክብ፤ ኮሚቴውም ይፈርምበት።